ተረከዙ ላይ ያለችው ጉንዳን

ነርስ የሺአረግ ኢንሱሊኑን በመርፌ ስባ አየሩን አስወጣች። በሙቅ ውሃ ጠርሙሶች መካከል በጥጥ የተጠቀለለው ሕፃን ያለጊዜው ከተወለደ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ክብደቱ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ። ጠዋት የደሙ ስኳር ከፍ ስላለ የግሉኮሱን ጠብታ በደቂቃ ከስድስት ወደ አራት አውርዳለች። ቀትር ላይ ከተረከዙ ደም ወስዳ ስትለካ ግን የስኳር መመርመሪያው ወረቀት ይባስ ጠቁሮ መጨረሻው ቀለም ላይ ደረሰ። ዶክተር ተረፈ፣ ጓዶቹ ለስብሰባ ከነቀምት ወደ ጉቴ ሲወስዱት፣ "ወረቀቱ መጨረሻው ቀለም ላይ ከደረሰ ኢንሱሊን ውጊው፤ እንዳትዘገዪ" ብሏታል።

እግሩን ልትይዝ ስትጎነበስ አንዲት ጉንዳን ተረከዙ ላይ ስትሄድ አየች። ከኋላዋ ሌላ። በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ይጣበቃል።

የሕፃኑ አያት ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

"አዴ ድርቤ፣ ልጁን ማን ነካው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"ጉንዳኗ ግን ታውቃለች።"

አሮጊቷ ከነጠላቸው ጫፍ እርጥብ ጥጥ ፈቱ። "የቀበሌ ስኳር ነው። በጥብጬ ከንፈሩን ባርሰው ተራገጠ፤ እግሩን ያዝኩት። አንቺስ? በተራበ ልጅ ላይ ጠብታ ይቀነሳል?"

"ስኳር በዝቶበት እኮ ነው! ሲበዛ የገላውን ውሃ በሽንት ይዞት ይወጣል።"

"ወይኔ! ገደልኩት?"

ወረቀቱ የለካው የልጁን ደም ይሁን የአያቱን ጣት ስኳር የሺአረግ አታውቅም። ስኳሩ ያን ያህል ካልበዛ ኢንሱሊኑ ይገድለዋል፤ በዝቶ ከሆነ ደግሞ መዘግየቷ ይጎዳዋል። የቀሯት ወረቀቶች ሁለት ናቸው። መርፌውን አስቀመጠች። ተረከዙን በሳሙና አጠበች፣ አደረቀች፣ ወጋች። ደሙን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ደቂቃዋን ቆጠረች።

ቀለሙ መሃል ላይ ቆመ። ከፍ ያለ ነው፤ ኢንሱሊን የሚያስወጋ ግን አይደለም።

"ጠብታው አራት ላይ ይቆያል" አለች፣ ኢንሱሊኑን እየደፋች። "ከሁለት ሰዓት በኋላ እንለካለን። ጥጡን ያምጡ።"

አዴ ድርቤ ሰጧት። "ለዶክተሩ ከነገርሽው ከልጁ አጠገብ ያባርረኛል።"

የሺአረግ መዝገቡን ከፈተች። ቀትር ላይ ተቻኩላ ተረከዙን ሳታጥብ እንደወጋች ታስታውሳለች። "ሕፃኑ ስኳር ቀምሷል" ብላ ጻፈች፤ ማን እንዳቀመሰው አልጻፈችም። ከሥሩ "የቀትሩ ልኬት የተወሰደው ተረከዙ ሳይታጠብ ነው" አለችና የራሷን ስም እስከ አባቷ ጻፈች።