አራተኛው ገንቦ

እና እናንተ ብትሆኑ፣ ወንድማችሁን ያስገደለ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ እየሳለ፣ ከጓዳው የወጣ ጠጅ ቢቀዳላችሁ ትቀምሱ ነበር? ሰርካለም ትቀምሳለች፣ ብርሌውን ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች፣ ውጭ አገር፣ ሶፊያ ከተማ እንደለመደችው መጀመሪያ ቀለሙን ታያለች፣ ከዚያ ታሸታለች፣ ከዚያ ጥቂቱን ምላሷ ላይ ታቆየዋለች፣ የመጣችው ለጠጅ አይደለም፣ የወንድሟ የስመኘው አፅም የት እንዳረፈ ለመስማት ነው፣ ቦታውን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ያ የሚስለው ነው። ወንዳወቅ። የጓደኛዋ የምሕረት ባል። በቀይ ሽብር ጊዜ ጠመንጃ አንግቶ የሰው በር ሲያንኳኳ የነበረ፣ አሁን ራሱን ከትራስ ቀና ማድረግ የማይችል።

እንዴት ነው እታለም፣ ትላለች ምሕረት፣ የሽንዲ ማር ነው፣ ሦስት ዓመቱ፣ ቀይ ማር ሆነና እኔ እንኳ ፈርቼው ነበር። ጌሾ በዝቶበታል፣ ትላለች ሰርካለም። አየሻት፣ ይላል መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ይህን ሁሉ አገር ዞራ ምላሷ አልዶለዶመም። ሦስቱም ይስቃሉ፣ የሚያስፈራት ይኼ ነው፣ ሳቁ መምጣቱ፣ ቡሬ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ይቀመጡ የነበሩት የሦስት ልጆች ሳቅ ሦስት ያረጁ ጉሮሮዎች ውስጥ ቁጭ ብሎ ጠብቋታል፣ ስመኘው ከኋላ ሆኖ በወረቀት ድቡልቡል ማጅራታቸውን ይመታቸው ነበር፣ አሁን ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው፣ ደርሳ ትነካዋለች፣ ግድግዳ ነው።

ምሕረት ዕድሜዋን ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ናት። ትልቅ ድግስ በመጣ ቁጥር ከጣለችው ጠጅ አንድ ገንቦ ታስቀራለች፣ አፉን በሰም አሽጋ በጭቃ መርጋ ከጓዳው ወለል ሥር ትቀብረዋለች፣ ለደግ ቀን ትላለች፣ ቡሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ እና ሰርካለም ፍኖተ ሰላም ከአክስቷ ልጅ ቤት መጥታ መቀመጧን ስትሰማ ሰው ላከችባት፣ ቅዳሜና እሑድን ይምጡልን ብላለች፣ መሪጌታም አሉ፣ ያረጁትን ጠጆች ከፍተን ሦስታችን እያነጻጸርን እንቀምሳለን፣ ብላለች፣ መልእክተኛው ከደጅ ሊወጣ ሲል ዘወር አለና፣ አያ ወንዳወቅም የሚነግርዎት አለ ብላለች፣ አለ። እንደ ተራ ነገር። ቡና ውሰዱ እንደሚል።

ሌሊቱን አልተኛችም። ማለዳ ባለባጃጁ ቀና ብሎ አያትና፣ ማዘር ሙድ እየያዙብኝ ነው እንዴ፣ በዚህ ጊዜ ቡሬ ምን ይሠራሉ፣ ከሰኞ ወዲያ መንገዱ ጥርቅም ነው እያሉ ነው፣ ኔትወርክ የለ፣ ምን የለ፣ አላት። ቢሆንም ወሰዳት። ከማንኩሳ ወዲህ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ነበር፣ የደረደረው ሰው የለም፣ የሚጠብቀው ሰው የለም፣ ባለባጃጁ ወርዶ ሁለት ድንጋዮች ገፋ፣ አለፉና ተመልሶ ወርዶ ወደነበሩበት መለሳቸው፣ ለምን ስትለው ሞተሩን አስነሳ። በየማሳው በቆሎው ቆሟል፣ ማንም ውስጡ አይታይም።

ሁለተኛው ገንቦ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በመጣ ነጭ ማር የተጣለ ነው፣ የምሕረት ልጅ የተዳረች ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ያልፈዋል፣ ሰርካለም ትቀምሰዋለች፣ የቋሪት ብርድ አለበት፣ ንጹሕ ነው፣ የፊተኛው ይጮኻል ይኼ ይናገራል፣ ትላለች ሳታስበው። ምሕረት እንደ ልጃገረድ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሰርካለምም በተራዋ ያመጣችውን ጠርሙስ ታወጣለች፣ ቀይ ወይን፣ አሥራ ስድስት ዓመት ከምድር ቤት የተኛ፣ ሶፊያ ከተማ አብራት መጻሕፍት ቤት የሠራች ሴት ለአገርሽ ሰው ብላ የሰጠቻት። ገብረሰንበት ይጎነጫል፣ ጢሙን ይጠርጋል። ዘቢብ ተቆጥቶ ነው ይኼስ፣ ይላል፣ ትንሽ ውኃ ካገኘ ለቅዳሴ ይሆናል። መሪጌታ ደግሞ ይቀልዳሉ፣ ትላለች ምሕረት፣ ደኅና ነገር ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል እንጂ፣ እንደ ኮሶ። ደግሞ ሳቅ። ከመጋረጃው ጀርባ ሳል። ሳቁ ይቆማል፣ ሳሉ ግን አይቆምም።

ስንት መጽሐፍ አንብባለች፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ ስለ ጠቋሚዎች፣ ስለ ገራፊዎች፣ ሲያረጁ አትክልት ስለሚኮተኩቱ ገዳዮች፣ ሁሉንም ቋንቋ እየቆፈረች፣ አንዱ መጽሐፍ እንኳ የገዳይ ሚስት ጌሾ በዝቶበታል ወይ ብላ እንደምትጠይቅ፣ መልሱም እንደሚያሳስባት፣ ጠጁም ጥሩ እንደሆነ አልጻፈም። መጥፎ ቢሆን ይቀል ነበር።

እስከ ዛሬ ለምን አልመጣሽም፣ ይላታል ገብረሰንበት። ወደ ማን፣ ትለዋለች። ወደ እኛ። እናንተማ እዚሁ ነበራችሁ፣ ትላለች።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ምሕረት የግቢውን በር በሰንሰለት ትጠመጥመዋለች፣ ቁልፉን ጉያዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ ዘመኑ ነው እታለም፣ ትላለች። ከወዲያ ማዶ ተኩስ ይሰማል፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ሩቅ ነው፣ ይላል ገብረሰንበት፣ ማንም ሳይጠይቀው። አያ ወንዳወቅ የሚነግረኝ ነገር አለ ብለሽ ነበር፣ ትላለች ሰርካለም። ነገ፣ ትላለች ምሕረት፣ ነገ ሰንበት ነው፣ ገና ሁለት ገንቦ ይቀረናል።

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፣ እሷ አልሄደችም፣ ከመጋረጃው ጋር ብቻዋን ቀርታ ነበር፣ ሳሉ እሷ ስትንቀሳቀስ ይቆማል፣ እሷ ስትቆም ይጀምራል፣ እያዳመጣት ነው፣ ገልጣ ልትገባ ተነስታ ነበር፣ እጇ ጨርቁን ይዞ ነበር፣ ምን ልትለው፣ እንዴት ነህ ልትለው? ተመልሳ ተቀመጠች።

ሦስተኛው ገንቦ ሲከፈት ጭስ ጭስ ይላል፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ደርግ የወደቀ ዓመት የተጣለ፣ እሱ ታስሮ ጠጅ እየሸጥኩ ልጆች የማሳድግበት ጊዜ ነበር ትላለች ምሕረት፣ ሰርካለም ትቀምሳለች፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይኼ ነው፣ ምላሷ ፈረደ፣ ከሽንዲውም ከቋሪቱም ከወይኑም፣ ተናደደች፣ የሱ እስር ነው እንዲህ የጣፈጠው፣ ቆይ፣ ሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ ምናምን፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት፣ ከትናንት ጀምሮ እጇን ይዘው ደረጃ በደረጃ ወደ ታች እያወረዷት ነው፣ ከዚህ ሥር ያለው ዓመት የትኛው ነው? ትጠይቃለች፣ ድምፅ አውጥታ። ምሕረት መሬት መሬት ታያለች። አንድ አለ፣ ትላለች።

ገብረሰንበት ይነሳል። በርጩማውን ያነሳል፣ አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ሄዶ በእሷና በመጋረጃው መካከል ይቀመጣል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ወርዷል። ምሕረት ሦስቱን ብርሌዎች ትሰበስባለች። የምታመጣው ዋንጫ ነው፣ የቀንድ ዋንጫ፣ አንድ። ሦስት አይደለም። አንድ።

አወቀች። ሰውነቷ ከጭንቅላቷ ቀድሞ አወቀ። በዚህ አገር ደም ሲደርቅ ገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ዋንጫ ይጠጣሉ፣ ሽማግሌ በመካከል ይቀመጣል፣ የጠጣ ይቅር ብሏል፣ ከዚያ ወዲያ ስሙን በቂም ማንሳት ነውር ነው፣ ልጅ ሆና አያቷ ደጅ ላይ አይታለች፣ ሁለት ወንዶች እየተንቀጠቀጡ። ማነጻጸር፣ ማጣጣም፣ ሦስታችን ብቻ፣ ሁሉም ለዚህ ነው፣ ቀጥ ብለው ይቅር በይው ብለው ሊጠይቋት አልደፈሩም፣ ምላሷን በጠጅ እያባበሉ፣ የውጭ ሰው ሆናለች ረስታዋለች ብለው፣ ሞቅ ብሏት አራተኛውን እንደ ሦስተኛው ትጎነጫለች ብለው። ትስቅ ነበር፣ አንድ ሰው ሌላ ሰው ላይ ሲያደርገው ብታነበው።

መጋረጃው ተገልጧል። ትንሽ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ትንሽ እንደሚሆን ማንም አልነገራትም።

የንስሐ አባቱ አላቆርብህም አሉት፣ ትላለች ምሕረት፣ የሟች ወገን ይቅር ካላለህ አሉት፣ ነፍሱ አልወጣ አለች እታለም፣ ሌሊት ሲጮኽ ጎረቤት ይሰማል። ገብረሰንበት ደግሞ እንደ ልማዱ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ መንገድ ሊዘጋ ነው ይላሉ፣ እኛም ሦስታችን አርጅተናል፣ ለአንቺም የሚሻልሽን አስበን ነው። ለእኔ፣ ትላለች። ለሟቹ፣ ይላል፣ ፍትሐት እንዲደርሰው፣ ከእናቱ አጠገብ እንዲያርፍ።

ሰርካለም፣ ይላል ወንዳወቅ። ድምፁ አላነሰም፣ ገላው አልቆ ድምፁ ቀርቷል። ጠጪና ልንገርሽ።

መጀመሪያ ንገረኝ።

አይሆንም። ከነገርኩሽ አትጠጪም።

ያውቃታል። አንድ ሌሊት ደጃቸው ላይ የቆመ ሰው፣ እሷ በሌለችበት፣ እሷ ሶፊያ በነፃ ትምህርት ላይ ሆና የሰው ቋንቋ ስትፈትል፣ ከሁሉም ይልቅ ይኼ ሰው ያውቃታል፣ እና ሰዓት የለም፣ ነገ ባጃጁ ይመጣል ወይም አይመጣም፣ ይኼ ሰውዬ ሳምንት አይሞላውም፣ አንድ ጉንጭ ነው፣ አፍ ነው የሚጠጣው፣ ልብ ምን አገባው፣ ጠጥቼ በልቤ ባልምር ማን ያውቃል፣ እነሱ ሊያታልሉኝ ከሞከሩ እኔስ፣ ከዚያ ቁፋሮ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ካህናት፣ ስሙ ይጠራል፣ ስመኘው ተብሎ ሳይሆን በክርስትና ስሙ፣ አርባ ሰባት ዓመት ያልተጠራው፣ ለዚህ አንድ ጉንጭ ምንድን ነው፣ እጇ ተዘርግቷል፣ የራሷ እጅ መሆኑን ታያለች። ቅጂልኝ፣ ትላለች።

ምሕረት ሰሙን በቢላ ትፈለቅቃለች። የመጣው ሽታ ነው፣ ከጠጁ በፊት። ጥንጁት፣ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት። ሰው ሁሉ የጠጅ ገንቦ በወይራ ያጥናል፣ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች በጥንጁት የምታጥን፣ ጎረቤት ይስቅባት ነበር፣ እርጎ ነው እንዴ የምትጥይው እያሉ፣ እሷም ቀምሳችሁ ሳቁ ትላቸው ነበር፣ ወገቧን ይዛ፣ በቀኝ እጇ ወገቧን ይዛ። ሰርካለም ዋንጫውን አፍንጫዋ ሥር ይዛ ቆማለች፣ ጠጁ ወርቅ ነው፣ አልኮመጠጠም፣ እንዴት አልኮመጠጠም።

ይኼ የማን ነው?

ምሕረት ታለቅሳለች፣ ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው። የእማማ ነው፣ የእናትሽ፣ ለስመኘው ሠርግ የጣሉት፣ ቤታችሁ የታሸገ ለት አያ ወንዳወቅ አምጥቶ ይኼ ይቀመጥ አለኝ፣ ስንቱ ሲጠይቀኝ ሳልነካው ጠበቅሁልሽ፣ ከእናትሽ እጅ እንድትጠጪው ብዬ፣ ልብሽ ይራራል ብዬ።

ደግ ነገር ያደረገች መስሏታል። በእውነት መስሏታል። ገንቦው እዚህ ወለል ሥር ነበር፣ እናቷ ባንድ ጋቢ ከቤቷ ወጥታ ከእህቷ ልጆች ማድ ቤት ስትኖር፣ በየሳምንቱ እዚህ ደጅ ስትመጣ፣ ወንዳወቅን ልጄን የት አደረስከው ስትለው፣ ተፈቶ ወደ ሱዳን ተሻግሯል እናቴ፣ ይልካል፣ ሲላት፣ ምሕረትም ውኃ ስታጠጣት፣ ውኃ፣ ከዚህ ጠጅ አጠገብ ቆማ ውኃ፣ ገብረሰንበትም በዚያው መንገድ ወደ ጉባኤው ሲያልፍ ቆብ ከፍ አድርጎ ሰላም ሲላት፣ እሷም አምናው ስትመለስ፣ ስትጠብቅ፣ ጥቁር ሳትለብስ፣ ተዝካር ሳታወጣ፣ ልጄ ሲመጣ በሩን እንዳትዘጉበት እያለች ሞተች። የገደለው አንድ ሌሊት ነው። ይኼኛው ዘጠኝ ዓመት ነው። ሁሉም እያዩ።

ዋንጫውን ታስቀምጠዋለች፣ ከወንዳወቅ መደብ ጠርዝ ላይ፣ ሙሉውን፣ ጠብታ ሳይፈስ። እሱ አልሳለም።

አትጠጪም፣ ይላል።

አልጠጣም።

አታገኚውም እንግዲህ። ከእኔ ጋር ይሄዳል።

ይሂድ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ጸጥ ያለ መሆኑ ለራሷም ይገርማታል፣ ምሕረት እታለም እታለም እያለች ጉልበቷን ይዛለች፣ ገብረሰንበት በስመ አብ ብሎ ይጀምራል፣ ስመኘውን አሁን ነው ያጣችው፣ አሁን፣ በገዛ አፏ፣ ይህን ታውቃለች፣ ታውቀዋለች፣ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም፣ ቁልፉን ስጪኝ ምሕረት፣ ትላለች፣ በሩን ክፈቺልኝ፣ አንተን ይቅር አልልም፣ አንቺንም አልልም፣ መሪጌታ አንተንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።