ያልተጣሉት ወረቀቶች

ባለቤቴ ወልደሚካኤል እንግዳ ሲመጣ እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሐረር ውስጥ በታይፒስትነት የኖረ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚመታው ፊደል ይደራረብና ይደበዝዝ ጀመር፤ አለቆቹም ሥራውን ለሌላ ሰጡበት። ጡረታ ሲወጣ አሮጌዋን የጽሕፈት መኪና ለማስታወሻ ሰጡት፤ አልጋ ሥር ከተታት። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት መሄድ ተወ። ለቅሶውንም ሠርጉንም ብቻዬን እደርስ ነበር።

ባለፈው ጥር ነሲማ መጣች። የጀጎል ልጅ ናት፤ ከግንቡ ውጭ ማተሚያ ቤት አላት።

«እትዬ ፍሬሕይወት፣ ለቡና ማሸጊያ አሮጌ የታይፕ ፊደል ፈልጌ አጣሁ» አለችኝ። «የእንግሊዝኛው ሞልቷል። አውቀው ነው የሚያስረጁት፤ ጫፉ የተበላ፣ ቀለሙ የተፋቀ ያደርጉታል። የአማርኛው ግን የለም። ጋሼ ፊደሉን በሙሉ በታይፕ ቢመቱልኝ፣ ለኮምፒውተር ፎንት አደርገዋለሁ።»

«አውቆ ማስረጀት!» አለ ወልደሚካኤል። «እኔ የፊደሉን ቀዳዳ በመርፌ ሳጸዳ አረጀሁ፣ እናንተ ታቆሽሹታላችሁ!»

ይህን ብሎ ሲያበቃ መኪናዋን አውጪልኝ አለኝ። ሰውዬው እንዲህ ነው።

በሩን ዘግቶ ሰነበተ። የተበላሸበትን ወረቀት እየጨመደደ ይወረውራል። በመጨረሻ ቀኝ እጁን በግራው ጨብጦ፣ በአንድ ጣት እየመታ፣ አንድ ንጹሕ ወረቀት አወጣ።

ነሲማ አየችው። «ማሻአላህ፣ ጥርት ያለ ነው» አለች፤ ቅር እንዳላት ግን ፊቷ ያሳብቃል። «እንዲህ ያለውን እኮ ኮምፒውተሩም ያወጣዋል።»

እጁ ወደ ጋቢው ተመለሰ። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝ። ከሰል ላያይዝበት ያጠራቀምኩትን ጭምድድ ወረቀት ከማድቤት አምጥቼ ፊቷ ዘረገፍኩት።

«አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ነሲማ አንዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አቃናችው። «ወላሂ ጋሼ፣ የፈለግሁት ይሄንን ነው! እኔ በኮምፒውተር ስሠራው ውሸት ይመስላል። ይሄ የሰው እጅ ነው።»

«የታመመ እጅ ነው» አላት።

ይህን ከአፉ ለሰው ሲያወጣ ሰምቼ አላውቅም።

«ይሁና! ጭምድዱ ሁሉንም ፊደል አይሞላልኝም። ይምቱልኝ፤ እጅዎን ግን አይያዙት።»

ፊቷ ቁጭ ብሎ እንደመጣለት መታ። እኔ ማድቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ሚያዝያ ላይ ጎረቤታችን ለገሠ ልጁን ዳረ። ወልደሚካኤል አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ፤ ጆሮዬን አላመንኩም። ድንኳኑ ውስጥ ከኪሱ ነሲማ በእሱ ፊደል ያተመችውን የቡና ከረጢት አውጥቶ ለሰዉ ሁሉ ዘረጋው። እጁ ሲንቀጠቀጥ ፍሬው ከረጢቱ ውስጥ ይንሿሿል።

«ይቺን ‹ቡ› አያችኋት፣ ወደ ታች የወረደችውን? እኔ ነኝ ያወረድኳት!» አለ።

ነሲማን እግዜር ይስጣት። ጋቢውን ቤት ትቶት እንደመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።