ቡሬና ዳለቻ የሰሙት

የከብት ውድድሩ ዕለት ማለዳ ባሌ ከኔ ቀድሞ ተነሥቶ የበሬዎቹን ቀንድ በዘይት ሲወለውል አገኘሁት። ሙሽራ የሚያሰናዳ ነው የሚመስለው። «ኧረ መጀመሪያ ቁርስህን ብላ!» ስለው ራሱን ነቀነቀ፤ ያ ነው መልሱ። ሰውዬው ሰው ፊት ቃል ከተናገረ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጉሮሮው ላይ የበቀለውን ነገር ሐኪሞቹ ቆርጠው ሲያወጡለት ድምፁም አብሮ ሄደ። የቀረችው ሹክሹክታ ናት፤ እሷንም የሚያወጣት ለኔ ብቻ፣ ያውም በሩ ሲዘጋ ነው። ሰው ለመስማት ብሎ ጆሮውን ሲያስጠጋለት ይሸማቀቃል። ድሮ ከወንዝ ማዶ ሲጣራ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ ሰው ነበር እኮ!

ቡሬንና ዳለቻን ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው በአፉ ነው። አለንጋ የሚባል ነገር አያውቁም። ሲያስነሣቸው ከኋላ ሆኖ ይጮኻል። ሲያስቆማቸው ግን ወደፊት ሄዶ በሁለቱ ራስ መካከል ይገባና በጆሯቸው አንድ ነገር ይላቸዋል። ምን እንደሚላቸው ስጠይቀው «የኛ ጉዳይ ነው፣ አንቺን አያገባሽም» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ቀንበር ሲጭንባቸው ዝም ብለው ቆመው ያዩታል። አጨበጨበ፤ አዩት። ቆርቆሮ ደበደበ፤ አሁንም አዩት። አንድ ማታ እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና በዚያች ሹክሹክታው፣ «ዘንድሮም አሰልፋቸዋለሁ። እዚያ ካልታዘዙኝ ለባለወፍጮው እሰጣቸዋለሁ። ከብቱ የማይሰማው ሰው ከብት ይዞ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ሜዳ ላይ ለምን ይታዘዙኛል ብሎ እንዳሰበ እንጃ፤ በሬ ይሉኝታ ያለው ይመስል! ባለወፍጮው ጎረቤታችን ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ዓይኑን ከጣለባቸው ቆይቷል። ባሌ ነገሩን በኔ በኩል ሲልክበት አላንገራገረም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰውና ከብት ተደበላልቋል። በአንድ ወገን በጉ፣ ፍየሉ፣ አውራ ዶሮው በየበረቱ ሆኖ ዳኛ ይጠብቃል። በሌላው ወገን ነጭ ድንኳን ተተክሎ የአካባቢው ደራሲያን መጽሐፎቻቸውን ደርድረው አንባቢ ይጠብቃሉ። ሁለቱን ማን እንዳጋባቸው አላውቅም። የባሰው ደግሞ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች አንዱ ጠዋት ተቃጥሎ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሁለቱንም ወገን ማይክራፎን መሐል ሜዳ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ከቀረው አንድ ማጉያ ጋር አገናኝቶታል። ግጥም የሚጽፈው ፀጉር አስተካካይ «ልቤን የሰረቅሽው ሆይ» ብሎ ሳይጨርስ፣ «ሁለተኛ የወጣችው ባለጥቁር ጆሮዋ ፍየል ናት!» የሚል ይከተላል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ከደራሲዎቹ አንዷ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ስለ ቤተሰቡ ወፍራም መጽሐፍ ጽፋለች። እኔ ጀምሬው ነበር፤ ሾርባዬ ጨው እንደሚበዛበት ጽፋ ሳገኝ ከደንኩት። ጨዋ ሴት ናት፣ አትዋሽም፤ ግን ሁሉ እውነት ይጻፋል? ድምፅዋ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ልክ እንደ ወንድሟ ነው። እሱ ደህና ሳለ ስትደውል ስንቴ እሱ መስላኝ «የት ጠፋህ አንተ!» ብዬ ጮኼባታለሁ።

የበሬዎቹ ተራ ደረሰ። ከግንድ በተሠራ ተጎታች ላይ የአሸዋ ጆንያ ተከምሯል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ነጂው በድምፁ ብቻ ያዛል። መምታት የለም፣ መግፋት የለም፣ ገመድ መሳብ የለም። ከኛ በፊት የወጡት አንዳንዶቹ ጥቂት ፈቀቅ አድርገው ቆሙ፤ የቀሩት ንቅንቅም አላደረጉት።

ባሌ ቀንበሩን አጥብቆ ከኋላ ቆመ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። ባሌ አፉን ከፈተ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ፊቱ ቀላ፤ የወጣ ድምፅ ግን የለም። ቡሬ ዞር ብሎ አየው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዱማ ሳቀ። ያን የሳቀውን ሰው ዛሬም ባገኘው አልምረውም። እኔ ሜዳውን የከለለው ገመድ ጋ ቆሜ አያለሁ።

ልክ በዚያች ሰዓት ማጉያው ተንቋቋና የእህቱ ድምፅ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ሆና ሜዳው አይታያትም፤ የወንድሟ ተራ መድረሱንም አታውቅም። የንባብ ተራዋ ደርሶ ነው። «ወንድሜ ማለዳ እርሻው ላይ ሲቆም...» ብላ ጀመረች። ደሜ ፈላ። የሱን ድምፅ፣ እሱ ዲዳ ሆኖ በቆመበት፣ በሕዝብ ፊት ልታነብበው! ሽቦውን ልበጥሰው ወደ ምሰሶው ሮጥኩ።

ሽቦውን ጨብጬ ሳለ፣ ከራሴ በላይ፣ ያ ዓመት ሙሉ የናፈቀኝ ድምፅ፣

«ሆ ቡሬ! ሆ ዳለቻ! አንድ ላይ! አንድ ላይ የኔ ጌቶች!»

አለ።

እጄ ሽቦው ላይ ደረቀ። እሷ መሆኗን አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቴ አላመነኝም፤ ባሌ የጠራኝ ያህል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የበሬዎቹ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳለቻ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ ቡሬ የፊት እግሩን መሬት ውስጥ ቀበረ። ጠፍሩ ሲጢጥ አለ። ከዚያ ያ ሰው ሁሉ ያቃተው ክምር፣ እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ተነሥቶ ሄደ። አፈሩ ከሥሩ እየተገለበጠ፣ ጆንያዎቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ሁለቱ እንስሶች እንደ አንድ አካል እየተነፈሱ አለፉ። ከተወለድኩ እንደዚያ ያለ ጉልበት አላየሁም፤ ፈራሁ፤ ደስም አለኝ። የሳቀው ሰው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

በኖራ የተሰመረውን መጨረሻ አለፉት። አልቆሙም! ድምፁ ከምሰሶው ነውና ጭነታቸውን እየጎተቱ ወደ ምሰሶው፣ ማለትም ወደኔ፣ ከኔ ኋላ ወዳለው ድንኳን ይመጣሉ። ሰው ተበታተነ። ፀጉር አስተካካዩ ግጥሞቹን አቅፎ ሮጠ። ዳኛው ፊሽካ ቢነፋ ማን ሰምቶት! እህቱ ከመጽሐፏ ቀና ስትል በድንኳኑ በር በኩል በሬዎቹ ፊት ለፊቷ ናቸው።

«እትዬ፣ አቁሚያቸው! ማቆሚያውን አንብቢው!» ብዬ ጮኽኩ።

ገጹን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ገለጠች። «የለም!» አለች በማይክራፎኑ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማት። «እሱን አልጻፍኩትም! ሲያስቆማቸው ሰምቼው አላውቅም!»

ያኔ ባሌ በአጠገቤ ሮጦ አለፈ። በሬዎቹን ቀድሞ ዞረና በሁለቱ ራስ መካከል ገባ። ቀንዱ ትከሻውን ሲታከከው አየሁ፤ ዓይኔን ልጨፍን ብል እምቢ አለኝ። ግንባሩን ግንባራቸው ላይ አድርጎ አፉን ከፈተ።

በጎቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ። ያቺን የሚያፍርባትን ሹክሹክታ፣ በር ዘግቶ ለኔ ብቻ የሚያወጣትን፣ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ አዳመጣት።

«በቃ... ደክሟችኋል... በቃ...»

ቡሬና ዳለቻ ቆሙ። ቡሬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና የባሌን እጅጌ ላሰው። ስንት ዘመን ስጠይቀው የደበቀኝ ነገር ይሄ ነው! ድሮም በሹክሹክታ ነበር የሚያስቆማቸው፤ ያቺን ደግሞ ማንም ቆርጦ አልወሰደበትም። ጩኸቱን ሲፈልግ እሱ ራሱ እንኳ ረስቷት ነበር።

ዳኛው ላቡን እየጠረገ መጣ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አለ። «ግን ደንብ ደንብ ነው። ያስነሣቸው ያንተ ድምፅ አይደለም፤ አልመዘግበውም።» ባሌ ራሱን ነቀነቀ፤ ምንም ቅር አላለውም።

ባለወፍጮው ቀጥሎ ደረሰ። አዲስ ገመድ ጠቅልሎ ይዟል። «እንግዲህ...» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ዳኛው ያሉትን ሰምተሃል። በቃልህ ከሆነ...»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ባሌ እጄን ያዘኝ። ባለወፍጮውን ትከሻውን ይዞ ሳብ አደረገው። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው በከበበው ሜዳ ላይ፣ ራሱ ነው የሰው ጆሮ ወደ አፉ ያስጠጋው።

ባለወፍጮው ሰማ። በሬዎቹን አየ። ገመዱን ክንዱ ላይ አንጠለጠለና «ልክ ነህ» ብሎ ሄደ።

«ምን አልከው?» አልኩት።

ሊያንሾካሹክልኝ ወደኔ አላጎነበሰም። ቀና ብሎ እንደቆመ፣ ለመስማት የተጠጋ ሁሉ እየሰማው፣

«ካልታዘዙኝ ነበር ያልኩህ፤ ሲቆሙ አይተሃል አልኩት» አለኝ።