ከ«አዎ» በፊት የነበረው ዝምታ

ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። ውጭ አገር ስትማር ዝምታ አድማጭ ያባርራል ብለው አስተምረዋታል። አገሯ ገብታ ብሔራዊ ሬዲዮ ጣቢያው ከቀጠራት ጀምሮ የተቀዳ ድምፅ እጇ ከገባ ሳሉንም፣ ማመንታቱንም፣ መተንፈሱንም ቆርጣ ትጥላለች። የእሷ ዝግጅት ሰዎች ስማቸው ሳይጠራ የቤተሰባቸውን ጣጣ የሚያወሩበት ነው። የዛሬዋ ባለታሪክ የገዛ አክስቷ ነበረች፣ የአባቷ እህት። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

ዝግጅቱ ከጠዋቱ ዜና ቀጥሎ ተላለፈ። የእርሻው ሰዓት ገብቶ ስለ ተምች ሲወራ ስልኳ ጮኸ።

«አንቺ!» አለች አክስቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጓዳ ገብቼ ነው የምደውልልሽ። አባትሽ እኔ ቤት ነው።»

«አባባ?»

«ሌላ አባት ካለሽ እንግዲህ አላውቅም። በሬዲዮ ድምፄን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ ቆይቶ አሁን ይስቃል። እኔ መቼ ነው ይቅር ያልኩት?»

መቀስ ስልኩን ይዛ ወደ መተላለፊያው ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ እናት ሲሞቱ አባቷ ለእህቱ ሳይነግራት ቀበራቸው። እህቱ አራስ ነበረች፤ «ደንግጣ አንድ ነገር ትሆንብኛለች» ብሎ ነው። እሷ የእናቷን ሞት የሰማችው ለቅሶው ሁሉ ካለቀ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ቀረጻው ላይ መቀስ «ወንድምዎን ይቅር ብለውታል?» ብላ ጠየቀች። አክስቷ ዝም አለች። ጭራሽ ዝም። በመጨረሻ መቀስ ጨነቃትና «ደከመዎት እንዴ?» ስትል «አዎ» አለች አክስቷ። ጠያቂ በመሐል ጣል የሚያደርጋቸውን ጥያቄዎች ማውጣት የዘወትር ሥራዋ ነው፤ ዝምታ መቁረጥም እንደዚያው። ዝምታውና «ደከመዎት እንዴ?» የሚለው ሲወጡ የይቅርታው ጥያቄ ከ«አዎ» ጋር ገጠመ። ልብ አላልኩትም ብትል ውሸት ነው። ደግማ ሰምታዋለች። አማረላት። አባባ ይህን ቢሰማ፣ ብላ አሰበችና ተወችው።

«አክስቴ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አለች። «ለሁለታችሁም።»

«አባትሽም ለእኔ ብሎ ነው። ቁርጥ አባትሽን!»

«አገናኚኝ፣ እኔው ልንገረው።»

«በስልክ? አገር ሰምቶኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ‹ደግ አደረግሽ› እያለኝ፣ አንቺ በጆሮው ሹክ ልትይው? ስትቀጂኝማ ‹እርስዎ፣ እርስዎ› ስትይኝ ነበር፣ እንደማታውቂኝ። እዚያው ሬዲዮሽ ላይ ሄደሽ መልሺው።» ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችው።

ዝግጅቱ ማታ ይደገማል። መቀስ ኃላፊው ቢሮ በር ድረስ እየሄደች ስትመለስ ዋለች። መተላለፊያው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሐኪሙ ስለ ጨጓራ መከረ፤ የምክር ቤት አባላት ተጨቃጨቁ፤ የስፖርቱ ጋዜጠኛ ላልገባች ጎል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ሁሉም አፍ አለው፣ እሷ ብቻ ቃል አጣች። አመሻሹ ላይ በሩን አንኳኳች።

«የገዛ አክስትሽን!» አለ ኃላፊው፣ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ብሶብኛል።»

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ። «በቃ፣ ድጋሚውን አውጥተን ሌላ እንተካበታለን። ማን ያስታውሰዋል?»

ልቧ ዘሎ ሊቀበለው ነበር። «አባቴ ያስታውሰዋል» አለች።

«እንግዲያው ስቱዲዮ ግቢና አፍሽ ያውጣሽ። ስለ ሥራሽ ነገ እንነጋገራለን።»

ከማታው ዜና በኋላ ማይክሮፎኑ ተከፈተ። «ጠዋት በዚህ ዝግጅት ባለታሪኳ ወንድማቸውን ይቅር ሲሉ ሰምታችኋል» አለች። «አላሉም። መልሱን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ባለታሪኳ አክስቴ ናቸው፤ ወንድማቸው አባቴ ነው።» ቴክኒሻኑ አቀርቅሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ድራማ ለቀቀው።

ደረጃው ላይ ስትደርስ አባቷ ደወለ።

«አባባ፣ የት ነህ?»

«መንገድ ላይ። ወደ ቤት እየሄድኩ።»

«ሰማህ?»

«አጠገቧ ተቀምጬ። ጎረቤቶቿም ነበሩ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን የመጡ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትበል? ‹ጠዋቱኑ ነግሬያታለሁ› አለችና ኮቴን አቀበለችኝ።» ትንሽ ተራመደ። «ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ እኮ፣ ልጄ። እሷ ታውቃለች፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ እስቃለሁ።»

መልስ አልጠበቀም፤ ስልኩን ሳይዘጋ መንገዱን ቀጠለ፤ እሷም ደረጃው ላይ ቆማ የእግሩን ኮቴ ሰማች።