ይቅርታ ያልተጠየቀበት ግራ እጅ

ፖማ አማቷን መጠርጠር የጀመረችው ገና ነፍሰ ጡር ሳለች፣ በአንድ ሳህን ሾርባ ነው። አማቷ ማሜ ፍሬማ ሳህኑን በግራ እጃቸው አቀበሏት። ሰው ቀኙ ሥራ ሲይዝበት በግራው ይሰጣል፤ በሚኖሩበት በማምፖንግ ግን ጨዋ ሰው «ግራዬን ይቅር በዪ» ሳይል አይሰጥም። ማሜ ፍሬማ ምንም አላሉም።

በማግስቱ ጨው በግራ። ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ ቁልፍ። ፖማ ቆጥራ ቆጥራ ተወችው፤ መልእክቱ ገብቷታል። አማቷ ለልጃቸው ሌላ ሴት አጭተው እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

ልጁ ሲወለድ ማሜ ፍሬማ በር ላይ ቆመው «ይደግልሽ» አሉ እንጂ አላቀፉትም። ስም የሚወጣበት ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ባሏ ኦዱሮ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እናቴ አልሰይምም አለች።»

«ምክንያታቸውስ?»

«አልነገረችኝም።»

«አልጠየቅኳትም በል።»

ኦዱሮ ጫማውን አየ። «እናቴን ታውቂያታለሽ።»

«እኔማ አውቃቸዋለሁ። አንተ ነህ የማታውቃቸው። እስቲ ይህን ጆሮ እየው። የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ጆሮው ወይስ ልጁ?»

«ኧረ ሁለቱም!» አለና ወጣ።

በዚህ ቤት ልጅ የሚሰየመው በአባት እናት እጅ ነው። ሕፃኑን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ ከዚያ በቀኝ ጣቷ ውሃና አረቄ ምላሱ ላይ ታንጠባጥባለች። አያት አልሰይምም ካለች ሰው ሁሉ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ የልጄ አይደለም ማለቷ ነው። ፖማ ይህን ስድብ ልጇ ዕድሜ ልኩን እንዲሸከመው አልፈለገችም።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሊያርሷት ከኤጁራ የመጡት አክስቷ ሴዋ ከወጥ ቤቱ መስኮት ጠሯት።

«ነይ፣ ጉድሽን እዪ!»

ማሜ ፍሬማ ጓሮ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች እንደ ሸረሪት ግድግዳውን ይወጣሉ። ደረታቸው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሴትዮዋ ጥርሳቸውን ነክሰው ትንሽ ገፉና፣ በግራ እጃቸው የያዙትን ጠመኔ አንሥተው እዚያው ጋ ጫሩ። ከሥሩ ሌሎች ጭረቶች አሉ። ከዚያ የውሃውን በርሜል ተደግፈው ጎንበስ አሉና ቀኝ ክንዳቸውን ቁልቁል ለቀው መሬቱ ላይ ክብ ያዞሩት ጀመር።

«ድግምት ነው፤ ከምድር ጋር ነው የምታወራው» አሉ ሴዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ግድግዳ የማን ነው? የመኝታ ቤትሽ!»

«አክስቴ፣ እኔ ባዮሎጂ ነው የተማርኩት።»

«እሺ፣ ባዮሎጂሽ ይህን ምን ይለዋል?»

ጥያቄው ፖማን አናደዳት። ልጁን ለአክስቷ ሰጥታ ወጣች።

«ማሜ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የራሴን ጉዳይ።»

«በእኔ ግድግዳ?»

«ግድግዳውን ያቆመው ባሌ ነው።»

«ልጁ የኦዱሮ አይደለም የሚሉ ከሆነ በአደባባይ ይበሉት!»

«ማን አለ እንዲህ?»

«እጅዎ! ሳህን በግራ፣ ቁልፍ በግራ። ልጄን አላቀፉ፣ አሁን ደግሞ አልሰይምም። ጣትዎ ይሠራል፣ ክርንዎ ይታጠፋል፣ ወጥ ሲያማስሉ አይቻለሁ። ቀኝዎ የሚታመመው ለእኔ ሲሆን ነው?»

የቀኝ እጃቸውን አንጓ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። የጠበቀችው የግትር ሰው ክንድ ነበር፤ ግትር ክንድ ይታገላል፣ ይገፋል። ይህኛው አልታገለም። ደረት ጋ ሲደርስ ከውስጥ እንደተቀረቀረ በር ቆመ። ከዚያ በላይ ስትስበው ክንዱ ሳይሆን ትከሻው ወደ ጆሯቸው ተነሣ። ማሜ ፍሬማ እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኹ።

ፖማ ለቀቀች። ማስመሰል እንዲህ አይደለም።

ማሜ ፍሬማ በርሜሉን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ወጌሻውም እንዲሁ ነው የጎተተኝ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ጎኔ ተኝቼ አላውቅም።»

«ሐኪም አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። ትከሻሽን የጠቀለለው ሽፋን ተቆጥቶ ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቆዳ ተኮማትሯል አለችኝ። መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በኋላ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት። አታስጎትቺው፣ ግን አስረሽም አታስቀምጪው። ጣትሽ ግድግዳ ይውጣ፣ ክንድሽ ይወዛወዝ፣ እስኪወጥርሽ እንጂ እስኪያስጮህሽ አይሁን። ስኳርም ተመርመሪ፣ ይህ ሕመም ስኳር ያለበትን ሰው ይወዳል አለች።»

«ተመረመሩ?»

«እኔ ስኳር የለብኝም።»

«በምን አወቁ?»

«ሻይ አልወድም።»

ፖማ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች። «ታዲያ አንድ ቃል መናገር ምን ነበረበት?»

«ግራዬን ይቅር በዪ ብልሽ፣ ቀኝሽን ምን ነካው ትያለሽ። ደረቀ ብልሽ፣ የማንን ልጅ በልታ ነው ይላል ሰፈሩ። በዚህ ክንድ ልጅ ወደ ፀሐይ ላንሣ? ብጥለውስ?» ቀና ብለው አዩዋት። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ? የጀመረኝ አንቺ ቤቴ የገባሽ ሰሞን ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያደረቅኩት?»

«እንጃ። አስቤዋለሁ።»

ፖማ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን የምትቆጣበት ፊት አልነበራትም። «ወደ ፀሐይ ኦዱሮ ያነሣዋል። እርስዎ ክርንዎን ጎንዎ ላይ አጣብቀው ይቀመጡ። ልጁን እኔ አቀርብልዎታለሁ።»

«ተንበርክከሽ?»

«ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝ።»

በስም ቀኑ እንግዳው ግቢውን ሞላው። ኦዱሮ ልጁን ወደ ፀሐይ አሳየ፤ ማጉረምረም ተሰማ። ፖማ መንበርከኩን እየጠላችው ተንበረከከች። ማሜ ፍሬማ ክርናቸውን ከጎናቸው ሳያላቅቁ ቀኝ ጣታቸውን ነክረው የሕፃኑ ምላስ ላይ አንጠባጠቡ።

«ስምህ ኒያርኮ ነው፤ ውሃ ስትል ውሃ ይሁን። አረቄ ስትል አረቄ ይሁን።»

ከዚያ የአረቄውን ጽዋ ለመጀመሪያው ሽማግሌ በግራ እጃቸው ዘረጉ።

«ግራዬን ይቅር በሉኝ» አሉ ማሜ ፍሬማ ጮክ ብለው። «ቀኝ ትከሻዬ ታስሯል፤ ሐኪም ይዞታል።»

«የእኔም ታስሮ ነበር!» አሉ ሽማግሌው ጽዋውን ተቀብለው። «ሸሚዝ የምታለብሰኝ ሚስቴ ነበረች። ሰክሮ ነው ብላ ለወንድሞቿ ከሰሰችኝ።»

ሳቁ ግቢውን ሲሞላው ሴዋ ወደ ፖማ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ቢሆንም ያ ጠመኔ አላማረኝም።»

«አክስቴ፣ ተይ።»

የመጨረሻው ጽዋ የፖማ ነበር። ተቀበለችና ከመጠጣቷ በፊት ወደ አማቷ ጎንበስ አለች።

«ነገ ለስኳሩ አብረን እንሄዳለን።»

«ሻይ አልወድም አልኩሽ እኮ።»

«ገንፎዎ ውስጥ የሚበትኑትን ስኳርስ?»

ማሜ ፍሬማ ዞር ብለው ወጥ ቤቱን አዩ፣ ከዚያ እሷን። «ትሰልዪኛለሽ?»

«አዎ» አለች ፖማ፣ ጠጣችና ጽዋውን በቀኟ መለሰችላቸው።