በሞቴ ያልተባለበት ካባ

የቀበሮ ፀጉር የለበስኩት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ከትከሻዬ ላይ ወሰዱት። ጌታ ይመስገን፣ ሳይሞቀኝ ነው የወሰዱት፤ ለምጄው ቢሆን ይብስ ነበር።

ነገሩ የዘካርያስ ሠርግ ነው። ዘካርያስ የታናሽ እኅቴ የብርነሽ ልጅ ነው፤ ያሳደግሁት ግን እኔ ነኝ። በደርግ መጨረሻ ከአገር ስወጣ ብርነሽ የስድስት ዓመት ልጇን እጁን እጄ ላይ አስቀምጣ “ይዘሽልኝ ሂጂ፣ አደራ” አለችኝ። ይዤው ወጣሁ፤ ኦስሎ አመጣሁት፤ ሞርተንሩድ የሚባል ሰፈር አሳደግሁት። እናቱ በሕይወት ያለችን ልጅ “እናቴ በለኝ” ብሎ መለመን ነውር ነው፤ ስለዚህ እናቱ “እትዬ” ስትለኝ ሰምቶ እሱም እንዳደገ እትዬ ይለኛል። ትኩሳቱን የታቀፈች እትዬ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ የምትቀመጥ እትዬ። ስሙ አላስከፋኝም ነበር፣ እስከዚያ የፈረንጅ ክረምት ድረስ።

የኦስሎ ኦፔራ ቤት በተከፈተ በዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ልጄ ሊያገባ ሆነ። ሙሽራይቱ ናጽነት ቬስትሊ ሰፈር ያደገች የኤርትራ ልጅ ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ምንም አልልባትም። እናቷ ራሕዋ ግን ሠርጉ ገና ሳይደርስ “እኔ የሚንክ ፀጉር ካፖርቴን ነው የምለብሰው” ብላ አስታወቀች። ያቺን ሚንክ ከተማው ያውቃታል፤ ክርስትና ላይ ትመጣለች፣ ለቅሶ ላይ ትመጣለች። የሴት ወገን ሚንክ ለብሶ የወንድ ወገን የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ ቢመጣ ምን ይባላል? ስለዚህ ለሙሽራው እናት የፀጉር ካባ እንዲገዛ ተወሰነ። ካባውን የለበሰችው ሴት የሙሽራውን ክንድ ይዛ አዳራሹ ትገባለች፤ ከሙሽሮቹ ጎንም ትቀመጣለች። ለወንድ ወገን የተዘጋጀችው ወንበር አንድ ናት። ብርነሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ቪዛ አግኝታ ልትመጣ ነው።

ከሁለታችን ማን እንደምትለብሰው ማንም አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። ያቺን ወንበር ግን ፈልጌ ነበር። አሁን ምን እደብቃለሁ፣ ጾም ውሎ ማዕድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የፈለግኋት።

አንድ ቅዳሜ ዘካርያስና ናጽነት ሱቅ ይዘውኝ ሄዱ። “እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምትመርጪው። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ምን እንደሚሄድ እኛ አናውቅም” አለኝ። ሱቁ ከካርል ዮሃን መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ ወጣቶች ቆመው ቆዳው የተገፈፈ እንስሳ ፎቶ ያለበት ወረቀት ያድላሉ። ናጽነት አንገቷን ደፍታ አለፈች። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ በዚህ አገር የሚሰጥሽን ወረቀት ሁሉ መቀበል ለምዶብኛል።

ሻጯ መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። መጀመሪያ ረጅም የሚንክ ካፖርት አወጣችልኝ። ቀሚሱን ከነጥበቡ ዋጠው። ጥለቱ ካልታየ ሸማኔው ምን ሊሆን ዓይኑን አፈሰሰ? መልሺው አልኳት። ቀጥሎ ጥቅልል ያለ የጥቁር በግ ለምድ መጣ፤ እሱ ለቀብር ነው። ነጭ ጥንቸል አሳየችኝ፤ በጣቴ ዳሰስ ሳደርገው ፀጉሩ እጄ ላይ ቀረ፣ ነጠላ ላይ ተጣብቆ ሲለቀም ሊመሽ ነው። አጭር ጃኬትም ነበር፣ ውድና ቆንጆ፤ ነገር ግን እጅጌው ጠባብ ነው።

“ይሄስ ምን አለው?” አለች ናጽነት።

“ትከሻ ይይዛል። የሙሽራ እናት እስክስታ ልትወርድ ነው እንጂ ልትታሰር አይደለም የምትመጣው።”

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴ ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ ሻጯ ከውስጥ አንድ ካባ ይዛ ወጣች። ሰማያዊ ቀበሮ ይሉታል፤ ሰማያዊነቱን እኔ አላየሁም፣ አመድማ ሆኖ ጫፉ ነጣ ያለ ነው። እጅጌ የለውም፣ ወገብ ላይ ያልቃል፣ አንገት ላይ በአንድ መንጠቆ ይያዛል፣ ገበሩ ሐር ነው። ጥበቡን ያሳያል፣ ትከሻን ይለቃል፣ ብርዱንም ይመልሳል።

“ቀበሮ ግን ርኩስ አይደለም? ቄሱ ምንም አይሉም?” አለች ናጽነት።

“ብንበላት ነው ርኩስ የምትሆነው። እኛ ከብርድ ታድነን ነው ያልነው።”

ሻጯ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። መስታወቱ ፊት ቆምኩ። እኔ ፋናዬ፣ ሲከየም በሚሉት መጦሪያ ቤት ውስጥ የሰው አገር አረጋውያን ሳጥብ የምውል፣ የዚህን አገር ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ በሰጠኝ ጃኬት የጀመርኩ ሴት፣ እዚያ መስታወት ውስጥ የሙሽራ እናት መስዬ ታየሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ብርዱ ነው ብዬ አበስኩት፤ ሱቁ ውስጥ ብርድ አልነበረም።

ዘካርያስ ከኋላዬ መጥቶ በመስታወቱ አየኝ። “እትዬ፣ በጣም ያምርብሻል። ይሁንልሽ?” አለኝ።

ጠየቀኝ። ይህን አልክድም፣ ልጁ ጠይቆኛል። በእኛ ወግ ግን ስጦታ እንደቀረበ አይወሰድም፤ ቁራሽ ዳቦ እንኳ እንደቀረበ አይነሳም። አንዴ እምቢ ትያለሽ፣ እንደገና እምቢ ትያለሽ፣ ሰጪው “በሞቴ” ሲል “እሺ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ” ብለሽ ትቀበያለሽ። ያለዚያ ስግብግብ ነው የምትባይው። እኔም እንደ ወጉ ተናገርኩ።

“ለእኔ ደግሞ ምን ያደርግልኛል? እናትህ ናት ከሙቅ አገር የምትመጣው፤ ለእሷ አድርግላት።”

ካልኩ በኋላ መስታወቱን እያየሁ “በሞቴ”ን ጠበቅሁ።

“እውነትሽን ነው” አለ። “ጥሩ ሐሳብ ነው። አንቺ ሁልጊዜ የምታስቢው ለሰው ነው።” ግንባሬን ሳመኝ። ከልቡ ነበር፤ ክፋት ቢኖርበት እንዴት በቀለለኝ። ሻጯ መንጠቆውን ከአንገቴ ፈታች፣ ካባውን በስስ ወረቀት ጠቀለለች፣ እኔም የራሴን ጃኬት ዚፕ እየዘጋሁ ቆምኩ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ።

በባቡር ስመለስ ልቆጣው ፈለግሁ። “ያሳደግሁህ እኔ፣ አንዴ እንኳ መድገም አቃተህ?” ልል ፈለግሁ። ሞርተንሩድ ሳልደርስ ግን ያ የሙዝ ነገር ትዝ አለኝ፤ ንዴቴም የሚያርፍበት ሰው አጣ።

ኦስሎ እንደገባን ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት አስገባሁት። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ ጠራችኝ። “ልጁ ምግብ ስንሰጠው ኔይ ይላል፤ ስናነሳበት ያለቅሳል። ምን ፈልጎ ነው?” አለችኝ። ኔይ ማለት እምቢ ነው፤ ምን እንደፈለገ ግን እኔ አወቅሁ። እናቱ በሥነ ሥርዓት አሳድጋዋለች፤ እስኪለመን ይጠብቃል። ቤት ወስጄ ወጥ ቤት አስቀመጥኩትና አንድ ሙዝ አወጣሁ። “ትፈልጋለህ?” አልኩት። “ኔይ” አለ፣ ዓይኑ ሙዙ ላይ። ልጬ ፊቱ በላሁት። አለቀሰ። እኔ ግን ጨረስኩት።

“ስማኝ ልጄ” አልኩት። “እዚህ አገር ሁለተኛ የሚጠይቅህ የለም። ከፈለግህ ወዲያው ‘ያ’፣ አዎ፣ ትላለህ። ኔይ ካልክ ኔይ ነው። ሰውም ኔይ ካለህ እመነው፤ አትነዝንዘው።” ሌላ ሙዝ አወጣሁ። “ያ” አለ፣ እንባውን ሳይጠርግ። ከዚያ ወዲህ አልተራበም። እኔ ግን ለራሴ ሳልማረው ቀረሁ።

ብርነሽ መጣች። አውሮፕላን ጣቢያ ዘካርያስ ካባውን ትከሻዋ ላይ ሲያደርግላት እኔ ሻንጣዋን ይዤ ነበር። ከስታለች፤ እጆቿ ከእኔ ይልቅ አርጅተዋል። ማታ አልጋዬን ለቀቅሁላት።

የሠርጉ ዕለት በረዶ ይጥላል። የአዳራሹ ካፖርት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ እኔ ነጠላዋን አስተካክልላታለሁ፣ እሷ የካባውን ፀጉር ትዳስሳለች።

“እትዬ፣ ይህን ማን መረጠው?”

“እኔ።”

“ታዲያ ለምን አልለበስሽውም?”

“ለአንቺ ያድርግልሽ አልኩት።”

“ስንቴ ለመነሽ?”

የነጠላዋን ጫፍ አጠፍኩ።

“እትዬ፣ ስንቴ?”

“አንዴ።”

ብርነሽ ወግ ታውቃለች፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። መንጠቆውን ፈታችና ካባውን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። የእሷ ሙቀት ነበረበት።

“አትሞኚ፣ እየጠበቁሽ ነው” አልኩ።

“በሞቴ።”

“ተይ ብርነሽ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም።”

“የሰው?” አለች። “እኔ ወለድኩት እንጂ መቼ አሳደግሁት? ጥርሱ ሲነቀል አላየሁም። ድምፁ ሲጎረምስ በስልክ ነው የሰማሁት። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰው ‘እንኳን ደስ አለሽ’ ሲለኝ ምን ልመልስ ነው? አፈር ስሆን እትዬ፣ አንቺ ግቢ።”

“አይሆንም” አልኩ። ድምፄ ግን ላልቶ ነበር።

“በዘካርያስ ሞት።”

እሷ መንጠቆውን አንገቴ ላይ ቆለፈች። እኔም እጇን አልያዝኩም። እንግዲህ ሊባል የሚገባው ሁሉ ተብሏል፤ የተለመነ ሰው ነኝ፣ ብቀበል ማንም ስግብግብ አይለኝም። “እሺ” ከንፈሬ ላይ ደርሳ ነበር። በሩ ተከፈተና ዘካርያስ ገባ፤ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ነጭ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ምን የመሰለ ወንድ ሆኖ።

“ምን ሆናችሁ? ሰው ቆሞ እየጠበቀን ነው።”

“እትዬ ትልበሰው ብዬ ስለምናት እምቢ አለችኝ” አለች ብርነሽ። እንዲያግዛት ነበር የነገረችው፤ እሱም ይለምነኛል ብላ ነው።

ልጄ ፈገግ አለ። ወደ እኔ መጥቶ በሁለት ጣቱ፣ በጥንቃቄ፣ መንጠቆውን ከአንገቴ ፈታ።

“እማዬ፣ አትነዝንዢያት” አላት። “እትዬ ኔይ ካለች ኔይ ነው።” ካባውን ለእናቱ አልብሶ ወደ እኔ ዞረ። “አይደል እትዬ? አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።”

ከጎኔ የቆመልኝ መስሎት ነበር። ብርነሽ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አልነቀለችም፤ እንድናገር እየጠበቀች ነው። መናገር ይቻል ነበር፤ የምትበቃው አንዲት ቃል ናት።

“አዎ ልጄ” አልኩት።

ክንዱን ሰጣትና ወጡ። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ። በተከፈተው በር የቀበሮው ጀርባ ሲርቅ አየሁ፤ ምርጫዬ ትክክል ነበር፣ ጥበቡ ከሥሩ ጉልህ ሆኖ ይታያል። በሰው መካከል ማለፍ ስላልፈለግሁ በወጥ ቤቱ በኩል ዞሬ ገባሁና ከአስተናጋጆቹ አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀመጥኩ።

የማኅበራችን እታለም ድስት ታቅፋ መጣች። “ፋናዬ፣ ዶሮ ላውጣልሽ?”

“ያ” አልኳት።

ጭልፋዋን አንስታ ቆመች። “በሞቴ” ልትል ተዘጋጅታ ነበርና የምትለው ጠፋት።