አራስ ጠያቂ

ሲስተር ብርቄ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች ታጠና ነበር። «ልጄ፣ የዚያን ቀን የሆነው ሁሉ ለአንቺም ለልጅሽም ሲባል ነው።» ባሕር ዛፎቹ ጋ ስትደርስ «ልጄ» የሚለውን አወጣችው፤ ጥቂት እልፍ ብላ መልሳ አስገባችው። በእጇ ያንጠለጠለችው ፌስታል ውስጥ ሁለት ኪሎ የአጥሚት እህልና አንድ የሕፃን ሳሙና አለ። የካ ከበታቿ በቆርቆሮ ጣሪያና ባላለቁ ፎቆች ተሞልቶ ተዘርግቷል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስታዋልድ አንዲትም አራስ ቤቷ ድረስ ሄዳ ጠይቃ አታውቅም፤ ዛሬም ባይጨንቃት ኖሮ አትሄድም ነበር።

ከአርባ አምስት ቀን በፊት ሎሚ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ስታምጥ፣ ብርቄ ጭኗ ላይ በጥፊ መትታታለች፤ አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። የሚነገርም የማይነገርም ጮኻባታለች። እናቷ እንዳትገባም ለዘበኛው አዝዛለች። እናት የመረጠችውን ሰው ይዛ የመውለድ መብት አላት የሚለው ወረቀት በሩ ላይ ከተለጠፈ ዓመት አልፎታል፤ በፕላስተር የለጠፈችውም ብርቄ ራሷ ነበረች። ይህን ሁሉ ፀደንያ አየች። ፀደንያ ገና በሙከራ ላይ ያለች ወጣት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ያየችውንም ጽፋ ለሆስፒታሉ አለቆች አስገባች።

ዛሬ በስምንት ሰዓት ክሱን የሚያየው ኮሚቴ ይቀመጣል። ሎሚ ልጇን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ስታመጣ ቃሏን እንድትሰጥ በስልክ ተነግሯታል። «መታኛለች» ካለች ብርቄ ከሥራዋ ትሰናበታለች፤ «አልመታችኝም» ካለች ደግሞ የምትባረረው ፀደንያ ናት፣ በሐሰት ከሰሰች ተብላ። ብርቄ ይህን ታውቃለች። አውቃም ነው ዳገቱን የምትወጣው።

ለነገሩ አጠፋሁ ብላ አታምንም። የዚያን ዕለት ጠዋት ሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ ያምጡ ነበር፤ አዋላጆቹ ሁለት። የሎሚ ልጅ የልብ ምት እየቀነሰ ነው፤ ልጅቱ ግን ጭኗን ገጥማ «አዮ! አዮ!» እያለች እናቷን በኦሮምኛ ትጣራለች። ምን ታድርግ? መታቻት፣ ጮኸችባት፣ ሕፃኗም በሕይወት ወጣች። ብርቄን ራሷን አንድ ልጇን ስትወልድ በጥፊ ያጣደፈቻት ነርስ ነበረች፤ ይህንንም ለዓመታት ለባልደረቦቿ እየሳቀች ስታወራው ኖራለች። ሳቁ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ ሆዷ ውስጥ የሚቀር ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለማንም አውርታ አታውቅም።

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። አንዲት ጠንካራ፣ መሐረብ ያሰረች ሴት ከጓሮ ብቅ አለች። የሎሚ እናት ዳርቱ ናት።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አለች ብርቄ። ዳገቱ ድምፅዋን ወስዶት ከሹክሹክታ አላለፈም። «ከሆስፒታሉ ነኝ። አዋላጅ ነኝ።»

ዳርቱ የያዘችውን ባልዲ አስቀመጠች። አፍታ ፊቷን አየቻት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን ሳመችላት።

«ሎሚ! ነይ ቶሎ! መጡልሽ!» አለች ወደ ቤቱ ዞራ።

ሎሚ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ወጣች። ብርቄ አሁን ታውቀኛለች ብላ ጠበቀች። ልጅቱ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እርስዎ ነዎት? እጄን ይዘው የነበሩት?»

ብርቄ አፏን ከፈተች፤ ያ ሁሉ መንገድ ስታጠናው የመጣችው ዓረፍተ ነገር ግን ብን ብሎ ጠፋ።

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ብከፍተውም ሁላችሁም ማስክ አድርጋችኋል» አለች ሎሚ። «አንዷ ትጮኻለች፣ ትመታኛለች። አንዷ ደግሞ እጄን ይዛ በጆሮዬ "አይዞሽ፣ የትም አልሄድም" ትለኛለች። ስሟን አልነገረችኝም። ሁልጊዜ ማን ትሆን እላለሁ።»

«አይ...» አለች ብርቄ በዚያው በደከመ ድምፅ። «ምናልባት...»

«ሌላ ማን ይሆናል?» ዳርቱ ፌስታሉን ተቀበለቻት። «የመታቻት ምን ልትሠራ አራስ ትጠይቃለች?»

እውነቷን ነው። የመታ ሰው አጥሚት ይዞ አይመጣም። ብርቄ አልዋሸችም፤ አይደለሁም ብቻ አላለችም። አስገቧት፣ ከፍ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ሕፃኗን አሳቀፏት። እጅ እንድትታጠብ ውኃ ቀረበ፣ ገንፎም በቅቤ ተለውሶ መጣ። «ይብሉልን እንጂ፣ አፈር ስሆን» አለች ዳርቱ። ብርቄ በላች። እያንዳንዷን ጉርሻ በግድ ዋጠቻት።

«እኔን ያ ዘበኛ ከለከለኝ» አለች ዳርቱ። «ጩኸቷን በግድግዳው ነው የሰማሁት። ስትጠራኝ እየሰማሁ! በሩን ስደበድብ "እኔ ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው" አለኝ። ያዘዘችውን እግዜር ይይላት።»

«አሜን» አለች ሎሚ።

ብርቄ ሕፃኗን ቀና አድርጋ አቀፈቻት። እርግማኑን የልጅቱን ሕፃን በጉያዋ ታቅፋ ነው የተቀበለችው። አሁን ልናገር፣ አሁን፣ እያለች ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆነ።

የሎሚ ባል ኤቢሳ ወሰን ሰፈር ያለ ጋራዥ ስለሚውል ወደ ሆስፒታሉ ልትወስዳት ያሰበችው ዳርቱ ነበረች። አሁን ግን ሐሳቧን ቀየረች።

«እርስዎ ካሉ እኔ ምን እሠራለሁ? አደራዎን፣ አጠገቧ ይሁኑልኝ። ያችን ሴትዮ ስታይ ትደነግጥብኛለች።»

«አለሁ» አለች ብርቄ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ሙሉ ውሸት ይህ ይሁን እውነት እሷም አላወቀችውም።

ታክሲ ውስጥ ሎሚ ትከሻዋን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሕፃኗ የብርቄን ጣት ይዛለች። ብርቄ መንገዱን ሁሉ በመስኮት እያየች ነገሩን ስታሰላ ሄደች፤ ስሌቱ ደግሞ ያሳፍር ነበር። አንድ ቃል ሳትናገር ድናለች። ልጅቱን ማባበል እንኳን አላስፈለጋትም። ዝም ብላ ብትቀመጥ ይበቃታል።

ሕፃኗ ተከተበች፣ አለቀሰች፣ ጡት ጠብታ ዝም አለች። በስምንት ሰዓት ሁለተኛ ፎቅ ወደሚገኘው ስብሰባ ክፍል ገቡ። ሰብሳቢው ዶክተር ሕዝቅኤል ናቸው፤ ከብርቄ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። አጠገባቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀት ዘርግታለች። ፀደንያ ግድግዳውን ተጠግታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ሎሚ ሕፃኗን ለብርቄ ሰጠቻትና ተነሥታ ቆመች።

«እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያዋለዱሽ» አሉ ዶክተሩ። «ተመትታለች የሚል ክስ ቀርቦልናል። አትፍሪ፣ የመታሽ ሰው ካለ ንገሪን።»

«ተመትቻለሁ» አለች ሎሚ። «እኚህ ግን እጄን የያዙኝ ናቸው። ቤቴ ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል። እንግዲህ የመታችኝ...» ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ።

ፀደንያ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች። «ምን? እኔ? ውሸት ነው! እኔ ነኝ እንዴ? ሲስተር፣ ይንገሯቸው እንጂ! ምን ዝም ይላሉ?»

ጩኸቷ ክፍሉን ሞላው። ሎሚ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸችና ብርቄን ተጠጋች። «ይቺ ናት» አለች። «ስትጮህ አወቅኋት።»

ፀደንያ እንደ ቆመች ደም ከፊቷ ሸሸ። በዚያች ቀን የሎሚን እጅ ይዛ «የትም አልሄድም» ስትላት የነበረችው እሷ ናት፤ ያንን ደግሞ በዚህ ክፍል ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጸሐፊዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ መሮጥ ጀመረ። ብርቄ ብዕሩን አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች በዝግታ። «ሎሚ፣ የመታሁሽ እኔ ነኝ።»

ሎሚ ዞር ብላ አየቻትና በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «አይደሉም። ይቺን ነርስ ሊያተርፉ ነው። እናቴም ብላኛለች፣ አንጀተ ቡቡ ናቸው።»

ዶክተር ሕዝቅኤል በረዥሙ ተነፈሱ። ማመን የፈለጉትም ይህንኑ ነበር። «ሲስተር፣ ደግነትሽን እናውቃለን፤ ግን የሰው ጥፋት አትሸከሚም» አሉና ለጸሐፊዋ ራሳቸውን ነቀነቁላት።

ብርቄ ለአፍታ ሰውነቷ ሁሉ ቀለላት። ይኸው ተናግራለች። እውነቱን በአፏ አውጥታ፣ በሰው ፊት ተናግራ፣ ያላመኗት እነሱ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅባታል? ቤቷ ገብታ ልትተኛ ትችላለች። ፀደንያ ተመልሳ ተቀምጣለች፤ መከራከሩንም ትታ ወለሉን ታያለች። ብርቄ ያኔ ገባት፤ የምትታመንበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀራት፣ እሱም ከሁሉ የከፋው ነው።

ሕፃኗን በግራ ክንዷ ደገፈቻት። ቀና አለችና ሙሉ ቀን የሸሸገችውን ድምፅ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ማዋለጃውን ሲያንቀጠቅጥ የኖረውን፣ ለቀቀችው።

«ክፈቺ አልኩሽ! ያን ጊዜ ለባልሽ ስትከፍቺ አላፈርሽ፣ ዛሬ ነው የምትገጥሚው? እናቴ እናቴ ትያለሽ እንዴ፣ እናትሽ ናት ያስረገዘችሽ? አምጪ! ልጁን ገድለሽ እኔን ልታስጠይቂኝ ነው?»

ሕፃኗ በርግጋ ማልቀስ ጀመረች። ዶክተሩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሎሚ አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። የፊቷ መልክ ሁሉ አንድ በአንድ ጠፍቶ ባዶ ሆነ፤ ከዚያ እጇን ዘርግታ ልጇን ከብርቄ ክንድ ላይ ወሰደች። ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ነጠላውን አስተካከለችላት። ወደ ፀደንያ ዞራ አላየችም፤ እጇን የያዘቻትን ሴት እንደ ወነጀለች ገና አልታሰባትም።

«ገንፎዬን በልተዋል» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «እናቴ እጅዎን ሳመችልዎ።»

ብርቄ ባዶ የቀሩትን ክንዶቿን ወደ ጎኗ አወረደች።

«መቱኝ፣ እሺ። ያኔ ሥራዎ ነው ልበል። ዛሬ ግን ማን አዘዘዎት? ቤቴ ለምን መጡ?»

አሁንም አንቱ እያለቻት ነው። ጸሐፊዋ ጥያቄውን እንዳለ ጻፈችው፤ ከሥሩ ለመልሱ ሁለት መስመር ክፍት ትታ ቀና ብላ ጠበቀች።